ቀኑን ሳይነግሯት የማታነብ ሐኪም

ዶክተር ጥሩወርቅ ማረፏን የሰማሁት ፀጉሬን ቀለም እየተቀባሁ ሳለ ነው። በዚህ ዕድሜህ ፀጉር ማጥቆር ምን አስፈለገህ የሚለኝ ካለ፣ ጥፋቱ ቤቴ ውስጥ መስታወት መኖሩ ነው። ፀጉር ቤቱ እኛ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። አስተካካዩ ግራ ጎኔን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር በመስኮት ወደ ውጭ አየና፣ «ጋሽ በላቸው፣ ያቺ የላብራቶሪዋ ዶክተር እኮ አርፋለች። ከኋላ ብሎክ ድንኳን እየተከሉ ነው» አለኝ፤ መብራት ጠፋ እንደሚል ሰው።

ፎጣውን ከአንገቴ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ግማሽ ራሴ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ለቀስተኛው ሁሉ አየኝና አንገቱን ደፋ፤ ከሐዘን ይሁን ከሳቅ ለማጣራት ድፍረት አላገኘሁም። ታላቅ እህቷ ግን ዓይኗ እንባ እንደሞላ ጭንቅላቴን ትኩር ብላ አየችና፣ «እሷ ብትኖር ‹ቀለሙ እኩል አልያዘም፣ ድገመው› ትልህ ነበር» አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሳቃችንም አመለጠን። እውነቷን ነው። ያቺን ቃል ከዶክተር ጥሩወርቅ አፍ ስንት ዓመት ሰምቻታለሁ።

ሥራዬ ቀለም ነበራ፤ የፀጉር ሳይሆን የሥጋ። ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ የግል ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሐኪሞች ከሰው ገላ ቆንጥረው የሚልኩትን ናሙና ሰም ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ እየቆረጥኩ፣ ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ አንጥፌ፣ ቀለም አጠጥቼ ለእሷ አቀርባለሁ። እሷ በማይክሮስኮፕ አይታ በሽታው ይህ ነው፣ ያ ነው ትላለች። በዕድሜ እበልጣታለሁ። በሰው ፊት «ዶክተር፣ እርስዎ» እላታለሁ፤ ስንጣላ «አንቺ ልጅ» እላታለሁ። እሷ ስንጣላም ስንታረቅም «ጋሽ በላቸው» ነበር የምትለኝ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር።

አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ከነጭ ካፖርቷ ሥር ሁልጊዜ እስኒከር ነው የምታደርገው። መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያለች ቤቱን ታተራምሳለች። መሳቢያዋ ውስጥ የተቆላ ሽምብራ አይጠፋም፤ እያነበበች ታኝካለች። ማኘኳን ካቆመች አንድ ነገር አይታለች ማለት ነውና እኔም መተንፈስ አቆማለሁ።

አባቷ እዚያው ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው፣ ታይፕራይተራቸውን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እሷ ያደገችው ከዚያ ጥላ ሥር ነው። «አባቴ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ‹መቼ?› ይለዋል» ትል ነበር። «ማን መታህ፣ በምን መታህ አይደለም። መቼ? ቀኑን የማያውቅ ምስክር ወሬኛ ነው ይላል።» መሐላዋ እንኳ «በአባቴ ጥላ!» ነበር። አንዴ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ፊት «በአባቴ ጥላ ይሄ ካንሰር አይደለም» ብትላቸው፣ ሰውየው ዣንጥላ ጠፍቶባት መስሏቸው ግራ ቀኝ ፈለጉላት።

ከናሙና ሁሉ የምታከብረው የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ነበር። ጥፍር ላይ የምትቀመጥ ፍርፋሪ ነገር ናት። ሌላው አንባቢ እንደመጣች ያነባታል። እሷ ግን ባለቤቲቱ የመጨረሻውን የወር አበባ ያየችበት ቀን ካልተጻፈ ዓይኗን አታሳርፍባትም። ማዘዣውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ታወዛውዘዋለች።

«ጋሽ በላቸው! ይሄ ምስክር ከየት መጣ? ቀኑን ይዘህልኝ ና።»

«ዶክተር፣ አስቸኳይ ተብሎ ተጽፎበታል እኮ።»

«ቀኑንም በአስቸኳይ አምጣዋ።»

አንድ ቀን መረረኝና ቀን አላመጣም ብዬ ተቀመጥኩባት። ቀኑ ምን ያደርግልሻል፣ ሥጋ ሥጋ ነው አልኳት። ማይክሮስኮፑን ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ልደታ በዕድሜዋ አንዴ ብትፈርስ ይኸው እስከ ዛሬ እናለቅስላታለን። ይሄ ቤት ግን በየወሩ ይፈርሳል፣ በየወሩ ይሠራል፤ ማንም አያለቅስለትም። ሠራተኞቹ ደግሞ ሳምንት በሳምንት ይቀያየራሉ። ደም በሚፈስበት ሰሞን ብታይ የሚርመሰመሰው አፍራሹና ጠራጊው ነው፤ የወደቀውን የሚበላ፣ ቁስሉን የሚያጸዳ። ቤቱ እንደገና ሲቆም ጭር ይላል፤ ጥቂት ዘበኛ ብቻ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕዝብ ይገባል፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ይሞላዋል። ሁሉም ሰውነታችንን የሚጠብቁ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ቀኑን ካላወቅህ አፍራሹን ሌባ ትለዋለህ፣ እንግዳ ተቀባዩን ወራሪ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። የገባኝ ስልክ የሚደውለው እኔ መሆኔ ብቻ ነበር።

እስቲ አስቡት። እናቴ ፊት ስለ እግሬ ማውራት እንኳ እያፈርኩ ያደግኩ ሰው፣ ለማላውቃቸው ሴቶች እየደወልኩ «የወር አበባዎ መቼ መጣ?» ልል! ድምፄ ደግሞ፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው፤ ቢያንስ ለእኔ ጆሮ። አንዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ገና ስጀምር ባልየው ስልኩን ቀማት።

«ማነህ አንተ?»

«ከላብራቶሪ ነው ጌታዬ። ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ አይስጉ።»

«ሽማግሌ ሆነህማ ነው የሚገርመው! አታፍርም?»

«አፍራለሁ ጌታዬ። በጣም አፍራለሁ» አልኩት። እንደዚያች ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም። ዶክተር ጥሩወርቅን ከማዶ ሽምብራው ትን ብሏት ጀርባዋን መታሁላት፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ።

ችግሩ የእኔ እፍረት ብቻ አልነበረም። ሴቶቹም ቀኑን በቁጥር አይዙትም። «ባለፈው ወር መጨረሻ አካባቢ» ይሉኛል፤ «አካባቢ» የምትል ቃል ደግሞ ዶክተርን ታሳብዳታለች። መንገዱን የከፈተችልኝ አንዲት የሰፈራችን ሴት ናት። ስጠይቃት፣ «ቁጥሩን እንጃ፤ ግን ጊዮርጊስን በር ላይ ቆሜ ነው የተሳለምኩት» አለችኝ።

በራልኝ! ሴቶቻችን በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አይገቡም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። የገቡበትን በዓል ይረሱ ይሆናል እንጂ ደጅ የቆሙበትን አይረሱም። ከዚያ ወዲያ የወር አበባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። «እመቤቴ፣ በቅርቡ በር ላይ ሆነው የተሳለሙት የትኛውን ነው?» እላለሁ። «ሚካኤልን»፣ «ኪዳነ ምሕረትን» ይሉኛል። «መጀመሪያው ቀን እሱ ነበር?» ብዬ አጣርቼ ወደ ቁጥር እመነዝረዋለሁ። ጎረቤታችን የወሎዋ ወይዘሮ ዘይነባ ይህን ሰምታ፣ «እኛንስ ረሳኸን እንዴ? ከሶላት ያረፋችሁት መቼ ነው ብለህ ጠይቅ፤ የትኛው ሶላት ላይ እንደሆነ ሳይቀር እንነግርሃለን» አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከልደታ ሽማግሌዎች ሁሉ የሴቶችን ምሥጢር በብዛት የያዝኩ እኔ ሆንኩ። የነፍስ አባቶች ሳይቀሩ ይቀኑብኝ ይሆናል።

ዶክተር ጥሩወርቅ ይህን ዘዴዬን ስትሰማ፣ «አባቴ ቢያገኝህ ኖሮ ጥላ ገዝቶ አጠገቡ ያስቀምጥህ ነበር» አለችኝ። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም፤ ያንን ሳምንት ሙሉ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ነው የሄድኩት።

ሰላማዊት የመጣችው በጥር ነው። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሜክሲኮ አካባቢ ከውጭ ሰዎች ጋር በሚሠራ ቢሮ የምትሠራ፣ ለብሳ የምታምር ሴት። በአንድ እጇ የስላይድ ሣጥን፣ በሌላው የመድኃኒት ቤት ከረጢት ይዛለች። ናሙናዋን ሐኪሟ ከአገር ውጭ ልኮ አስነብቦ ነበር፤ አሁን ስላይዱ ሲመለስ ሌላ ሰው ይይልኝ ብላ ነው የመጣችው።

«ምን ተባልሽ የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ማሕፀኔ ውስጥ ገዳዮች አሉ ተባልኩ» አለች። ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ ነበር፣ የተስተካከለ። «ገዳይ የሚባሉ ሴሎች። ከሚገባው በላይ በዝተዋል። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም ጠፍተውብኛል። ለካ የሚገድሏቸው እነሱ ናቸው። ማለት… እኔ ነኝ።»

ለቅሶ ቤት ሄጄ ቀልድ የማላጣ ሰው ወንበር ሳብኩላት።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት ነው፤ ሰኞ ልትጀምር ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። «ለባለቤቴ ለዳንኤል ነግሬዋለሁ» አለች። «ሌላ አግባ፣ ልጅ ውለድ፤ እኔ የገዛ ልጆቼን ገዳይ ነኝ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው። የራሴን ዕቃ መለየት ጀምሬያለሁ።»

ዶክተር ጥሩወርቅ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ስላይዱን ተቀበለች። እኔ ማዘዣውን አየሁና፣ «ዶክተር፣ ተአምር ነው፣ ቀን አለው!» አልኩ። አላየችኝም። ተቀመጠች፣ ማኘክ ጀመረች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች።

«ጋሽ በላቸው፣ ና እስቲ እይ።»

ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ቡናማ ነጠብጣብ» አልኩ፤ ገዳይ የሚባሉትን ሴሎች ለይቶ የሚያሳየው ቀለም ነው። «ብዙ ነው። ቀለሙ ግን እኩል ይዟል።»

«ቡናማውን ማንም ያያል። እጢዎቹን ተመልከት። እንዴት እንደተጠማዘዙ፣ ጠርዛቸው መጋዝ መስሎ። የደም ሥሮቹን ተመልከት፣ እንዴት እንደጎለመሱ። ወረቀቱ ይሄ ናሙና የወር አበባ ዑደቷ አጋማሽ ላይ ነው የተወሰደው ይላል፤ ግንቡ ገና ማለቁ ነው። እኔ የማየው ቤት ግን አልቆ፣ መጋረጃ ተሰቅሎለት፣ እንግዳ እየጠበቀ ነው። ውጭ ያሉት ቡናማውን ቆጠሩ፣ ከወረቀቱ ቀን ጋር አስተያዩ፣ በዛ አሉ። ለዚያ ቀን እውነትም በዝቷል። ቀኑ ግን የእሱ አይደለም። ሂድ ጠይቃት።»

ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያቺን የለመድኳትን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ከናሙናው በፊት በር ላይ ቆመሽ የተሳለምሽው የትኛውን ነበር?

ለማስታወስ አልደከመችም። «ልደታን» አለች። «የኅዳር ልደታን። ስለት ነበረብኝ። እንደዚያን ወር ተስፋ አድርጌ አላውቅም። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ነው የመጣብኝ። እዚሁ በር ላይ ቆሜ… ምን እንዳልኳት አልነግርዎትም።»

ልደታ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ናት። «ታዲያ የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ ኅዳር አስር ነው የሚለው።»

«አስር ነው ያልኳቸው። ኖቬምበር አስር።»

ኖቬምበር አስር ማለት የኛ ኅዳር አንድ ነው፤ ሁለታችንም ተያየን። በቢሮዋ ሁሉም ነገር በፈረንጅ ቀን ነው፤ እሷም በለመደችው «በአስር» አለች። ክሊኒክ የጻፈላት ነርስ ደግሞ ማን ቢሆን እንደሚያደርገው በኛ አስር ብላ መዘገበች። ወደ ውጭ ሲላክ ያንኑ የኛን አስር በጥንቃቄ ወደ ፈረንጅ መለሱት። ማንም አልሰነፈም፣ ማንም አልዋሸም፤ ከሳምንት በላይ የሚሆን ቀን ግን መሐል ላይ ተበልቷል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መሥራት የምንችለው በዓለም ላይ እኛ ብቻ ነን፣ እኔም ጡረታዬን ላስከብር ሄጄ ልደቴን በሁለት አቆጣጠር ተናግሬ ሁለት ሰው ልሆን ነበርና አልፈርድም።

ይህን ስነግራት ዶክተር ጥሩወርቅ ወዲያው ለሰላማዊት ሐኪም ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ነው። የሰላማዊት አስር የማን አስር ነው?»

«አልገባኝም።»

«የኛ ነው የፈረንጅ?»

የወረቀት መገላበጥ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጨዋ ሰው ነበር፤ አልተከራከረም። «መድኃኒቱን እንዳትጀምር ንገሪልኝ። አይ፣ ቆይ፣ ራሴ ልንገራት» አለ፤ እዚያው ነገራት።

የመድኃኒቱ ነገር በዚህ አለቀ። ሰላማዊት ግን ካለችበት አልተነሳችም። ከረጢቱን እያየች፣ «እሺ፣ ያን ያህል አልበዙም። ግን አሉ አይደል? ገዳዮቹ ውስጤ አሉ» አለች።

ያኔ ነው ዶክተር ጥሩወርቅ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ያስገባቻት፤ በሥራ ዘመኔ ሙሉ በሽተኛ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። ማይክሮስኮፑን ለዓይኗ አስተካከለችላት።

«ቡናማዎቹን አየሻቸው? ስማቸው የወጣላቸው ደም ውስጥ ሲታዩ ነው፤ እዚያ የታመመ ሴል እያደኑ ይገድላሉ። እዚህ ሲመጡ ሙያቸው ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ዘበኛ አንበሳ ይባል ነበር፤ ድመት ሲያይ በር ይዘጋል። የት እንደቆሙ ተመልከቺ። ደም ሥሩን ከበውታል አይደል? ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሪው?»

«አራተኛ ፎቅ።»

«ውሃ ይደርሳል?»

«በሳምንት አንዴ።» ሰላማዊት ሳታስበው ፈገግ አለች።

«እነዚህ ቧንቧ የሚያሰፉ ናቸው። ልጅ ቢመጣ ደሙ ሳይቆራረጥ እንዲደርሰው ቀድመው ገብተው መንገዱን ያበጃሉ። በዚያ ሳምንት እነሱን ባጣ ነበር የምደነግጠው።»

«ታዲያ ልጆቼን ማን ገደላቸው?»

ዶክተር ጥሩወርቅ መነጽሯን ከአናቷ ላይ አወረደች። «አላውቅም» አለች። «ሐኪምሽ ገና ይፈልጋል፣ እኔም አግዘዋለሁ። ላይገኝም ይችላል። የማላውቀውን ብነግርሽ አባቴ ከመቃብሩ ይነሳብኛል። እነዚህ እንዳልሆኑ ግን፣ አንቺም እንዳልሆንሽ፣ በአባቴ ጥላ እምልልሻለሁ።»

ሰላማዊት ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ሳትል ብዙ ቆየች። ስትወጣ ከረጢቱን ረስታው ሄደች፤ ተከትዬ ልሰጣት ስል ዶክተር እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ የሆነውን እንድነግራችሁ ትፈልጉ ይሆናል። አልነግራችሁም። ዶክተር ጥሩወርቅ በጥብቅ ከልክላኛለች፤ «ሰው ስላይድ ስላነበብንለት አይወልድም፣ ስላላነበብንለትም አይመክንም፤ ከእኛ ጋር አታያይዘው» ትል ነበር። የምነግራችሁ በማግስቱ የሆነውን ነው።

በማግስቱ ገና በሩን ስንከፍት ሰላማዊት መጣች፤ ከኋላዋ አንድ ረጅም ሰው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። ዳንኤል ነበር። «ለእሱም ያሳዩት» አለች፤ «እኔ ነግሬው በቃል አልሆነልኝም።» ዶክተር ጥሩወርቅ ስላይዱን አስተካክላ ተነሳችና ወንበሯን ለሰላማዊት ለቀቀችላት። ማብራራት የምትወድ ሴት ማብራሪያውን ለእሷ ተወችላት። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በአንድ ማይክሮስኮፕ አጎነበሱ።

«ቡናማዎቹ ናቸው?» አለ።

«እነሱ ናቸው።»

«ገዳዮቹ?»

«ገዳይ አይደሉም» አለች ሰላማዊት። «ቤት የሚያዘጋጁ ናቸው። ያኔ የታዩት ልጅ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነው።»

ዳንኤል ቀና አላለም። «እንደኛ» አለ።

ዶክተር ጥሩወርቅ እጅጌዬን ጎተተችኝ። ወጥተን በሩን ገርበብ አደረግንና ኮሪደሩ ላይ ሥራ እንዳጣ ሰው ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። እኔ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ጆሮዋን ወደ በሩ አዘንብላ፣ ስላይድ እንደምታነብ ሁሉ በጥንቃቄ አዳመጠችና፣ «ሁለት ድምፅ ነው» አለችኝ። «በቃ፣ ጋሽ በላቸው፤ ይጨርሱ፣ እንጠብቃቸው።»